የማይፈስ ፍል ውሃ፦ ጃኩዚ ከየት መጣ? ባለቤቱንስ ምን ይጠይቀዋል?

አዲስ አበባ ውስጥ ቪላ የሚያሻሽጥ ደላላ የቤቱን መልካም ነገር ሲዘረዝር «ጃኩዚም አለው» ማለትን አይረሳም። ገዢው ስለ ካርታው፣ ስለ ቦታው ስፋት፣ ስለ ውሃና መብራቱ ይጠይቃል። ስለ ጃኩዚው ግን ከመኖሩ በቀር የሚጠይቀው ነገር እምብዛም የለም። ዕቃው የምቾት ምልክት ሆኖ ስለሚታይ፣ እንደ መኪና በየጊዜው ተንከባካቢ እንደሚፈልግ ለብዙ ሰው ትዝ አይለውም።

«ጃኩዚ» የዕቃ ስም ከመሆኑ በፊት የቤተሰብ ስም ነበር። ቤተሰቡ ዕቃውን የሠራውም ለምቾት ሳይሆን ለታመመ ልጅ ነው። ከልጁ ባኞ ተነስቶ የቪላ ሰገነት ላይ እስኪደርስ ባለው መንገድ ግን አንድ ትልቅ ነገር ተለወጠ፤ ይፈስ የነበረው ውሃ ቆመ። የዚህ ዕቃ ደስታውም አደጋውም ያለው በዚህች አንዲት ለውጥ ውስጥ ነው። (ከአዲስ አበባ አመሠራረት በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከተማ ያስቆረቆረ ሙቅ ውሃ

ሙቅ ውሃ ምን ያህል ሰው እንደሚስብ ከአዲስ አበባ በላይ ምስክር የሚሆን ከተማ ማግኘት ይከብዳል። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ መቀመጫቸው እንጦጦ ላይ ነበር። እንጦጦ ከፍታው ለጦር ጥበቃ ቢመችም ብርዱ አይቻልም ነበር። ስለዚህ ቤተ መንግሥቱና መኳንንቱ ከተራራው እየወረዱ በፍል ውሃው ይታጠቡ ጀመር። በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ ወደ ሐረር በዘመቱበት ወቅት ጣይቱ ከፍል ውሃው አቅራቢያ ቤት አሠሩ፤ ለቦታውም አዲስ አበባ የሚለውን ስም አወጡለት። ምንጩን ግን ከእነርሱ ቀድመው የሚያውቁት በአካባቢው የኖሩት ኦሮሞዎች ነበሩ። ፊንፊኔ የሚለው ስምም ከዚሁ ከሚፈልቀው ውሃ ጋር ይያያዛል።

ከዚያ ወዲህ ሪህና ቁርጥማት ያለበት፣ ወገቡን የሚያመው፣ ከበሽታ ያገገመ ሰው ሁሉ ፍል ውሃ ወርዷል። ሶደሬና ወንዶ ገነትም የታወቁት በዚሁ ነው። የእነዚህ ቦታዎች ሁሉ የጋራ ጠባይ አንድ ነው። ውሃው ከምድር ሞቆ ይመጣል፣ ሰው ይታጠብበታል፣ ይሄዳል። የአንዱን ላብና እድፍ ይዞ ስለሚወርድ ተከታዩ ሰው በአዲስ ውሃ ይታጠባል። ጽዳቱን በአብዛኛው የሚሠራው ፍሰቱ ነው።

ይህ ማለት ግን ከምድር የሚፈልቅ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ ባዝ በተባለችው ከተማ ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ የሚታወቅ ፍል ውሃ አለ። በ1978 አንዲት ልጅ በዚያ ውሃ ከዋኘች በኋላ በሙቅ ውሃ ውስጥ የሚኖር ረቂቅ ነፍሳት በአፍንጫዋ ገብቶ አንጎሏን አጠቃው፤ ሞተችም። መታጠቢያው ለሕዝብ ተዘጋ። በከተማዋ ሕዝብ እንደገና በፍል ውሃው መታጠብ የቻለው አዲስ መታጠቢያ ተሠርቶ ውሃው በቁጥጥር ሥር መቅረብ ከጀመረ በኋላ፣ በ2006 ነው። ፍሰት ብዙ ይረዳል እንጂ ሁሉን አይሠራም። ፍሰቱም ሲቀር ምን እንደሚከተል መገመት አያዳግትም።

ሮማውያን በድንጋይ፣ ጃፓኖች በሥርዓት

ፍል ውሃ በደጁ የሌለው ሰው ምን ያድርግ? ለዚህ ጥያቄ ከሁሉም በላቀ መጠን መልስ የሰጡት ሮማውያን ናቸው። ውሃን ከሩቅ ተራራ በድንጋይ ቦይ አመጡ፤ ወለሉን ከሥሩ በእሳት አሞቁ፤ ከአንድ ሺህ በላይ ሰው በአንድ ጊዜ የሚያስተናግድ መታጠቢያ ገነቡ። በ216 የተመረቀው የንጉሠ ነገሥት ካራካላ መታጠቢያ ፍርስራሽ ዛሬም ሮም ውስጥ ይጎበኛል።

ይሁንና ሮማውያን ውሃውን ቢያሞቁትም የሚያጸዱበት መድኃኒት አልነበራቸውም። ንጉሠ ነገሥቱ ማርከስ ኦሬሊየስ በግል ማስታወሻው የመታጠቢያውን ውሃ የዘይት፣ የላብና የእድፍ ጥርቅም አድርጎ ይገልጸዋል። ከእርሱ ቀደም ብሎ የኖረው የሕክምና ጸሐፊ ሴልሰስ ደግሞ ቁስሉ ያልጠራ ሰው መታጠቢያ ቤት ቢገባ ቁስሉ ወደ ብስበሳ እንደሚሄድ አስጠንቅቋል። ብዙ ሰው የሚጋራው ሙቅ ውሃ እንደሚቆሽሽ ሁለቱም ያለ ማጉያ መነጽር፣ በዓይናቸው አይተው አውቀዋል።

ጃፓኖች ችግሩን የፈቱት በሥርዓት ነው። በጃፓን ቤት አንድ ገንዳ ሙቅ ውሃ መላው ቤተሰብ በየተራ ይገባበታል። ይህ የሚሆነው ግን ማንም ሰው ገንዳው ውስጥ ገላውን ስለማይታጠብ ነው። እያንዳንዱ ሰው መጀመሪያ ከገንዳው ውጭ ተቀምጦ በሳሙና ይታጠባል፣ ይለቀለቃል፣ ከዚያ ንጹሕ ሆኖ ለመሞቅ ብቻ ይገባል። የተረፈውም ውሃ በብዙ ቤት ለልብስ ማጠቢያ ይውላል። ውሃው ለአንድ ምሽት ቆየ እንጂ አልሰነበተም።

እነዚህ ሦስት ልማዶች፣ ማለትም የፍል ውሃው ፍሰት፣ የሮማውያን ግንባታና የጃፓኖች ሥርዓት፣ ለሺህ ዓመታት ያህል የሰው ልጅ በሙቅ ውሃ የሚዝናናባቸው መንገዶች ነበሩ። ሙቅ ውሃን በግል ቤት ለሳምንታት አቆይቶ መጠቀም እንዲቻል ሁለት ነገሮች ገና መምጣት ነበረባቸው፦ ፓምፕና ክሎሪን። ክሎሪኑ ቀደመ። በ1908 የአሜሪካዋ ጀርሲ ሲቲ ለነዋሪዎቿ የምታቀርበውን ውሃ ያለማቋረጥ በክሎሪን ማከም ጀመረች፤ ሌሎች ከተሞችም ተከተሏት። ፓምፑን ያመጣው የጃኩዚ ቤተሰብ ነው።

አባትና ልጅ

የጃኩዚ ወንድማማቾች ሰባት ነበሩ፤ ስድስት እህቶችም ነበሯቸው። የተወለዱት በሰሜን ጣሊያን ካሳርሳ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ከ1907 ጀምሮ ተራ በተራ ወደ አሜሪካ ተሰደዱ፤ በ1915 ካሊፎርኒያ ውስጥ በርክሌይ ላይ ወርክሾፕ ከፈቱ። የመጀመሪያ ሥራቸው ከውሃ ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም። የአውሮፕላን ተሽከርካሪ ይሠሩ ነበር፤ ቀጥለውም አውሮፕላን ሠሩ። በ1921 ከአውሮፕላናቸው አንዱ ተከስክሶ ከወንድሞቹ አንዱ ጆኮንዶ ከሌሎች ተሳፋሪዎች ጋር ሞተ። ቤተሰቡም ከአውሮፕላን ሥራ ወጣ።

ያን ሁሉ የተሽከርካሪ ዕውቀት ወደ ውሃ ያዞረው ታላቁ ወንድም ራኬሌ ነው። በ1920ዎቹ ከጥልቅ ጉድጓድ ውሃ የሚስብ ፓምፕ ፈለሰፈ፤ የካሊፎርኒያ ገበሬዎችም ወደዱት። የጃኩዚ ስም ለብዙ ዓመታት የሚታወቀው በእርሻ ፓምፕ ነበር።

የወንድሞች ሁሉ ታናሽ ካንዲዶ ኬኔት የሚባል ልጅ ነበረው። ኬኔት ገና በሕፃንነቱ መገጣጠሚያን የሚያሳብጥና የሚያደርቅ የሪህ በሽታ ያዘው። በሆስፒታል በሚንቀሳቀስ ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲነከር ሕመሙ ይቀልለት ነበር፤ ሕክምናው ግን የሚገኘው በቀጠሮ ነው፤ ሕመሙ ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቅም። አባትየው የፓምፕ ሠሪ ቤተሰብ ልጅ ነውና በ1940ዎቹ መጨረሻ ላይ የቤት ባኞ ውስጥ የሚጠመቅ፣ ውሃና አየር ቀላቅሎ የሚረጭ ትንሽ ፓምፕ አሠራለት። ልጁ በቤቱ መታከም ቻለ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ኩባንያው ፓምፑን ለሕዝብ መሸጥ ጀመረ።

የሚያስተውል ሰው እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ ይላል። ያ የመጀመሪያው ጃኩዚ ገንዳ አልነበረም፤ በተራ ባኞ ውስጥ የሚቀመጥ ፓምፕ ነበር። ልጁ ታክሞ ሲወጣ ባኞው ይከፈታል፣ ውሃው ይፈሳል። ፍል ውሃ ላይ የነበረው ሕግ ገና አልተሻረም ነበር።

ውሃው የቆመበት ጊዜ

በ1960ዎቹ በካሊፎርኒያ፣ በተለይም በሳንታ ባርባራ አካባቢ፣ ሰዎች ያረጁ የወይን ጠጅ በርሜሎችን ግቢያቸው ውስጥ አቁመው፣ ውሃ ሞልተው፣ አሙቀው ከወዳጆቻቸው ጋር ይቀመጡበት ጀመር። በርሜሉ ትልቅ ነበር፤ በየቀኑ ሞልቶ ማሞቅ ደግሞ ውድ ነው። ስለዚህ ውሃው ተከድኖ ለነገ፣ ለከነገ ወዲያ ቆየ። በ1968 ከጃኩዚ ቤተሰብ ሦስተኛው ትውልድ የሆነው ሮይ ጃኩዚ የውሃ መርጫው በግድግዳው ውስጥ የተሠራለት ባኞ ለገበያ አወጣ፤ ቀጥሎም ብዙ ሰው የሚይዙ ገንዳዎች መጡ። እንጨቱ በፋይበርግላስና በአክሪሊክ ተተካ። በ1979 ቤተሰቡ ኩባንያውን ሸጠ፤ ስሙ ግን በዓለም ቋንቋዎች ውስጥ የዕቃ ስም ሆኖ ቀረ።

በዚህ ሂደት የሕክምና ዕቃው የመዝናኛ ዕቃ ሆነ። ማስታወቂያው የሻማ ብርሃን፣ ብርጭቆና ፈገግታ አሳየ። በሆስፒታል ውስጥ ውሃውን የሚለካና ገንዳውን የሚያጸዳ ሠራተኛ አለ፤ በቤት ግን ያ ሠራተኛ ባለቤቱ ራሱ ነው። ይህን በማስታወቂያ የሚናገር አልነበረም። ዕቃው ሲሸጥ ደስታው ተሸጠ፤ ሥራው ግን ሳይነገር አብሮ ተላለፈ።

ያልተነገረው ሒሳብ

ሒሳቡ መምጣት የጀመረው ወዲያው ነው። በ1970ዎቹ የአሜሪካ ሐኪሞች በሆቴል ሙቅ ገንዳ የገቡ ሰዎች ቆዳ ላይ ቀይ ሽፍታ ሲወጣ ተመለከቱ። መንስኤው ሱዶሞናስ የተባለ ባክቴሪያ ነበር። ይህ ሽፍታ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይድናል። የከፋው ሌላው ነው።

በ1976 በፊላዴልፊያ በአንድ ሆቴል የተሰበሰቡ የቀድሞ ወታደሮች በማይታወቅ የሳንባ ምች ተመቱ፤ ወደ 30 የሚጠጉ ሞቱ። ከወራት ምርመራ በኋላ ሌጂዮኔላ የተባለው ባክቴሪያ ተገኘ። ያን ጊዜ የተጠረጠረው የሕንፃው አየር ማቀዝቀዣ ነበር። ኋላ ግን ባክቴሪያው ለብ ያለና የቆመ ውሃ እንደሚወድ፣ ሰውን የሚይዘውም ውሃው ሲጠጣ ሳይሆን ብናኙ ወደ ሳንባ ሲሳብ እንደሆነ ታወቀ። ለብ ያለ ውሃ፣ ከዚያም ብናኝ፤ ጃኩዚ የሚሠራው ይህንኑ ነው።

በየካቲት 1999 ሆላንድ ውስጥ ቦቨንካርስፔል ላይ የአበባ ኤግዚቢሽን ተካሄደ። ከአበባው ጎን ለሽያጭ የቀረቡ ሙቅ ገንዳዎች አረፋቸውን እያፈሉ ይታዩ ነበር። ከኤግዚቢሽኑ በኋላ ከመቶ በላይ ሰው ታመመ፤ የሞቱት ወደ 30 ይጠጋሉ። ምርመራው ያመለከተው ለማሳያ የቀረበን ገንዳ ነው። ሰዎቹ ገንዳው ውስጥ አልገቡም፤ በአጠገቡ አልፈው ተነፈሱ እንጂ። በ2002 ጃፓን ውስጥ ህዩጋ በተባለች ከተማ ውሃውን እያዞረ መልሶ የሚጠቀም አዲስ መታጠቢያ 7 ሰዎችን ገደለ። ሥርዓት ያለው የጃፓን ባህል እንኳ ፍሰቱን በቧንቧ ዙር ሲተካው ለአደጋ ተጋለጠ። በ2019 በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና የቦቨንካርስፔል ታሪክ በአንድ ባዛር ተደገመ፤ ከ130 በላይ ሰዎች ታመሙ፣ 4 ሞቱ። ከመጀመሪያው አደጋ 20 ዓመት አልፎ ነበር።

አደጋው የባክቴሪያ ብቻ አይደለም። በ2002 የቀድሞው የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የጄምስ ቤከር የ7 ዓመት የልጅ ልጅ ጃኩዚ ውስጥ ሳለች የገንዳው ውሃ መሳቢያ በጉልበቱ ወደ ራሱ ጎትቶ ያዛት፤ ከውሃው በታች ሞተች። እናቷ ባደረገችው ብርቱ ትግል በ2007 የገንዳ መሳቢያዎች ሰው የማይዝ ክዳን እንዲኖራቸው የሚያስገድድ ሕግ በአሜሪካ ወጣ። ሕጉ የልጅቷን ስም ይዟል። አማርኛ «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይላል፤ አባባሉ ስለ ወንዝ ቢነገርም ለጃኩዚ የተባለ ይመስላል።

አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሊትር

አደጋው ለምን እዚህ ዕቃ ላይ በረታ? መልሱ ቀላል ሒሳብ ነው። መካከለኛ የቤት ጃኩዚ 1200 ሊትር ያህል ውሃ ይይዛል እንበል። አራት ሰው ቢገባበት ለአንድ ሰው 300 ሊትር ይደርሰዋል። ርዝመቱ 25 ሜትር፣ ወርዱ 10 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 1.5 ሜትር የሆነ መዋኛ 375,000 ሊትር ይይዛል። እዚያ መዋኛ ውስጥ ልክ እንደ ጃኩዚው መጨናነቅ እንዲፈጠር 1250 ሰው በአንድ ጊዜ መግባት አለበት። እንዲህ ያለ መዋኛ ውስጥ የሚገባ ሰው የለም፤ ጃኩዚ ውስጥ ግን አራት ሆኖ መቀመጥ የተለመደ ነው።

ሙቀቱ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ክሎሪን በሙቅና በሚፈላ ውሃ ውስጥ ቶሎ ያልቃል። ላብ፣ የሰውነት ቅባት፣ ሎሽን ሲጨመርበት ይበልጥ ይፈጥናል። ጠዋት ተለክቶ በቂ የነበረው ክሎሪን ማታ እንግዳ ከገባ በኋላ ላይኖር ይችላል። ውሃው ግን ያው ጥርት ያለ ነው። ዓይን እዚህ ላይ ዳኛ አይሆንም። ብዙ ሰው «ክሎሪን ክሎሪን ይሸታል፤ ስለዚህ ንጹሕ ነው» ይላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ያ ጠንካራ ሽታ ክሎሪኑ ከላብና ከሽንት ጋር ተዋግቶ መዳከሙን የሚናገር ነው።

ሲመረጥ፦ ይወጣል ወይስ ይቆያል?

እንግዲህ ጃኩዚ ለሚገዛ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ቀለሙ፣ ስለ መብራቱ ወይም ስለ መርጫው ብዛት አይደለም። ጥያቄው «ውሃው በየጊዜው ይወጣል ወይስ ይቆያል?» የሚል ነው። በገበያ ጃኩዚ ተብለው የሚጠሩት ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸውና። አንደኛው መርጫ የተገጠመለት ባኞ ነው፤ ሰው ሲገባ ይሞላል፣ ሲወጣ ይፈሳል። ሁለተኛው ክዳን፣ ማጣሪያና ማሞቂያ ያለው፣ ውሃውን ለሳምንታት የሚያቆይ ገንዳ ነው።

ለየትኛው ቤት የትኛው ይሻላል? ባኞው 200 ሊትር ይይዛል ብንል፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚጠቀም ሰው በዓመት 20,000 ሊትር ያህል ያፈሳል። 1200 ሊትር የሚይዘው ገንዳ በዓመት አራት ጊዜ ውሃው ቢቀየር 4800 ሊትር ብቻ ይወስዳል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት፣ ሮቶ በሚጠበቅበት ከተማ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። በወር አንድ ቀን ብቻ ለሚጠቀም ሰው ግን ሒሳቡ ይገለበጣል፤ ባኞው በዓመት 2400 ሊትር ሲበቃው፣ ገንዳው ሰው ባይገባበትም ውሃ፣ መብራትና ክሎሪን ይበላል። አልፎ አልፎ የሚጠቀም፣ ወይም በየቀኑ ውሃ የሚለካለት ሰው የሌለው ቤት ባኞውን ቢመርጥ ያዋጣዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ ክብደት ነው። 1200 ሊትር ውሃ 1200 ኪሎ ይመዝናል። አራት ሰውና የገንዳው ክብደት ሲጨመር ከአንድ ቶን ተኩል ያልፋል። ይህን ሰገነት ላይ ወይም በረንዳ ላይ ከማስቀመጥ በፊት ሶሌታው ይሸከም እንደሆነ መናገር ያለበት መሐንዲስ እንጂ ሻጭ አይደለም።

ሦስተኛው መብራት ነው። 1200 ሊትር ውሃን ከ18 ዲግሪ ወደ 38 ዲግሪ ማሞቅ 28 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ባለ 3 ኪሎዋት ማሞቂያ ከ9 ሰዓት በላይ ይሠራል ማለት ነው። ስለዚህ ወፍራምና በደንብ የሚገጥም ክዳን ከብዙ መርጫ ይልቅ ገንዘብ ይቆጥባል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ፓምፑ ሲቆም ማጣራቱም ይቆማል፣ ውሃው ቀስ እያለ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝም ሌጂዮኔላ በሚመቸው ሙቀት ውስጥ ይቆያል። መብራት ከመጣ በኋላ ክሎሪኑ ሳይለካ መግባት አይገባም። መስመሩም ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ በቅጽበት የሚያቋርጥ ብሬከር ሊኖረው ግድ ነው።

ከዚህ ሌላ ገዢው ሦስት ነገሮችን በእጁ ነክቶ ማየት አለበት። የውሃ መሳቢያው ከአንድ በላይ መሆኑንና ክዳኑ ያልላላ መሆኑን፤ ማጣሪያው በቀላሉ የሚወጣና ቅያሪው በገበያ የሚገኝ መሆኑን፤ ሲፈስስም ውሃው ከቧንቧው ሳይቀር የሚወጣ መሆኑን። በቧንቧ ውስጥ የቀረች ጥቂት ውሃ የሚያዳልጥ ሽፋን ትሠራለች፤ ባክቴሪያም ከክሎሪን ተሸሽጎ የሚኖረው እዚያ ነው። ይህ ለባኞ ጃኩዚም ይሠራል፤ ለወራት ያልተከፈተ መርጫ መጀመሪያ ሰው ሳይኖርበት፣ ሙቅ ውሃና ማጽጃ ገብቶበት መታጠብ አለበት።

ሲያዝ፦ የባለቤቱ ሥራ

ውሃውን የማቆየት ሥራ ከባድ አይደለም፤ ግን ቸል አይባልም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ለእንዲህ ያለ ገንዳ የሚያወጣው ልክ ግልጽ ነው። ክሎሪን በሊትር ቢያንስ 3 ሚሊግራም፣ ወይም ብሮሚን ከሆነ ቢያንስ 4 ሚሊግራም፤ ፒኤች ደግሞ ከ7.0 እስከ 7.8። ፒኤቹ ከዚህ ከፍ ሲል ክሎሪኑ ቢኖርም ጉልበቱ ይደክማል፤ ከዚህ ዝቅ ሲል ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል፣ ብረትም ይበላል። ሁለቱንም የሚለካው ወረቀት ዋጋው ከገንዳው ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ሰው ከመግባቱ በፊት ሁልጊዜ መለካት ነው።

ማጣሪያው በየሳምንቱ ይታጠባል፤ በየወሩ በማጽጃ ይዘፈዘፋል፤ ሲያረጅም ይቀየራል። ውሃው የሚቀየርበትን ጊዜ ለመገመት በሙያው ሰዎች ዘንድ የተለመደ ስሌት አለ፤ በዚያ ስሌት 1200 ሊትር የሚይዝ ገንዳ በየቀኑ ሁለት ሰው ቢገባበት በ50 ቀን ገደማ ውሃው መቀየር አለበት። እንግዳ የበዛበት በዓል ካለፈ ግን ቀን መቁጠር አያስፈልግም፤ ወዲያው ማፍሰስ ነው። የጉድጓድ ውሃ ለሚጠቀም ቤት ውሃው ውስጥ ያለው ካልሲየም ማሞቂያው ላይ ሊጋገር ስለሚችል ጥንካሬውን አስቀድሞ ማስመርመር ይበጃል።

ኬሚካሉም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ወደ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃ በላዩ አይፈስበትም። ሁለት ዓይነት ክሎሪን አይቀላቀልም። ክሎሪንም ሆነ በረኪና ከአሲድ ወይም ከሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣዋል።

ከሁሉም የሚቀልለው ሥራ የጃፓኖቹ ነው። ከመግባት በፊት በሳሙና ታጥቦ መለቅለቅ ክሎሪኑን ግማሽ መንገድ ያግዘዋል። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ እንዳያልፍ፣ ቆይታውም ከ15 ደቂቃ ብዙ እንዳይርቅ ይመከራል። ነፍሰ ጡር፣ የልብ ሕመምተኛና የደም ግፊት ያለበት ሰው ሐኪሙን ይጠይቅ፤ አልኮል የጠጣ ሰው አይግባ። ሕፃን ልጅ ያለ አዋቂ ለአንድ ደቂቃ እንኳ አይተው፤ ሰው ሲወጣ ክዳኑ ይቆለፍ።

ጥያቄው የማን ነው?

ሻጮች ደስታውን ሲሸጡ ሥራውን ያለመናገራቸው የአንድ አገር ጠባይ አይደለም። በአሜሪካም በሆላንድም ጥበቃው ጠንከር ያለው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ሆቴሎች፣ የእንግዳ ማረፊያዎችና ስፓዎች «ስቲም፣ ሳውና፣ ጃኩዚ» የሚል ሰሌዳ ሲሰቅሉ፣ ደንበኛው ያንን ትምህርት በሰው ሕይወት እንደገና መግዛት የለበትም። «ዛሬ ውሃው ተለክቷል? መዝገቡን ማየት ይቻላል?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። በዋሽንግተን ዙሪያ ለበዓል የተራራ ቤት ተከራይቶ ልጆቹን ይዞ የሚሄድ ቤተሰብም ቢሆን የመለኪያ ወረቀቱን በቦርሳው ይዞ ቢሄድ ብልህነት ነው። የሚመለከተው የጤና ተቆጣጣሪም ምግብ ቤት ገብቶ ወጥ ቤቱን እንደሚያይ ሁሉ፣ የገንዳውን የክሎሪን መዝገብ ቢጠይቅ ሥራው ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ካንዲዶ ጃኩዚ ፓምፑን ወደ ቤቱ ሲያመጣ የልጁን ሕክምና ብቻ ሳይሆን የነርሱንም ሥራ አብሮ ተረክቧል። ከምድር የሚፈልቀውን ፍል ውሃ ተፈጥሮ ታሞቀዋለች፣ ታፈሰዋለች፣ ታድሰዋለች። በቤት ያለውን ግን የሚያሞቀው መብራት፣ የሚያነጻው ክሎሪን፣ የሚያድሰው ደግሞ ሰው ነው። ያን ሰው ማን እንደሚሆን ያልወሰነ ቤት ጃኩዚ ባይገዛ ይሻለዋል፤ ገንዘቡን ቆጥቦ ፍል ውሃ ቢወርድ ቁርጥማቱም ይለቀዋል፣ ውሃውም ከኋላው ይሄድለታል።